የሰማይ ብርሃን ሁሉ ምልክት ነውን? «በራሪ ሳሕን» ስለሚባሉት ነገሮች የተደረገው ምርመራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ ሌሊቱን በማኅሌት አድረው ጎሕ ሳይቀድ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ምእመናን አንድ ጥያቄ ይዘው ወደ መምህራን ይቀርባሉ። በሰማይ ላይ ድምፅ የሌላቸው፣ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በአንድ መስመር የተሰደሩ ብርሃናት እየተከታተሉ ሲያልፉ አይተዋል፤ «ምንድን ናቸው?» ይላሉ። መምህሩ ከመመለሱ በፊት ግን በእጅ ስልክ የተቀረጸው ምስል በቴሌግራምና በቲክቶክ ተሰራጭቶ፣ ከሥሩም ሦስት ዓይነት ፍርድ ተጽፎበት ይገኛል። አንዱ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን መንኮራኩር ነው ይላል። ሁለተኛው የአጋንንት ሠራዊት ነው ይላል። ሦስተኛው የዓለም ፍጻሜ ምልክት መሆኑን ያውጃል። ሦስቱም ሲፈርዱ ቀድሞ የጠየቀ፣ ሰዓቱንና አቅጣጫውን የመዘገበ አንድም የለም።

እነዚያ የተሰደሩት ብርሃናት በአብዛኛው ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ 60 ያህል ሆነው በአንድ ሮኬት የተላኩት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ነበር። ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ተጨምረዋል። በጥቅል ከተለቀቁ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ገና ተቀራርበው ስለሚጓዙ እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥለው ይታያሉ። የሚያበሩትም በራሳቸው መብራት አይደለም። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ቆላው ጨልሞ ሳለ የተራራው ጫፍ ገና ፀሐይ እንደሚያርፍበት፣ እነርሱም ከምድር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ እኛ በጨለማ ሳለን ፀሐይ ታገኛቸዋለች። ስለዚህ በብዛት የሚታዩት አመሻሽ ላይና ንጋት ሲቃረብ ነው። ከማኅሌት የሚወጣ ሰው እነርሱን ለማየት ከማንም የተሻለ ሰዓት ላይ ይገኛል።

ይህን የመሰለ ማብራሪያ ሲሰጥ ቅር የሚላቸው ምእመናን እንዳሉ እናውቃለን። «ሁሉን በሳይንስ ከፈታችሁት ለተአምር ምን ቀረ?» የሚል ፍርሃት አለ። ፍርሃቱን ንቀን አናልፈውም፤ በኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን ላለፉት ሰባ ዓመታት በላይ በዚህ ጉዳይ ላይ የተደረገው ምርመራ ምን እንዳገኘ እንመልከት። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሳሕን» የሚለው ስም ከየት መጣ

ሰኔ 24 ቀን 1947 ኬኔት አርኖልድ የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ በዋሽንግተን ግዛት ሬኒየር ከሚባለው ተራራ አጠገብ ሲበር ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች በከፍተኛ ፍጥነት ሲያልፉ ማየቱን ተናገረ። አካሄዳቸውን ሲገልጽ፣ በውኃ ላይ እየነጠረ እንዲሄድ በተወረወረ ሳሕን መሰለው። ይህ ስለ አካሄዳቸው የተነገረ ምሳሌ እንጂ ስለ ቅርጻቸው የተነገረ አልነበረም። ጋዜጦች ግን «በራሪ ሳሕን» የሚል ስም አወጡ። ከዚያ በኋላ በመላው አሜሪካ ሰዎች ሳሕን የሚመስል ነገር ማየት ጀመሩ! ከዚያ ሃምሳ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1896 እና በ1897፣ በዚያው አገር ታየ ይባል የነበረው ግን የሚሽከረከር መዘውር ያለው የአየር ላይ መርከብ ነበር። ሰው በሰማይ የሚያየውን የማያውቀውን ነገር የዘመኑ ወሬ ባዘጋጀለት ቅርጽ ይተረጕመዋል። አርኖልድ ራሱ ያየው ነገር ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ ተቈርጦ አልታወቀም።

የአሜሪካ አየር ኃይል ነገሩን ችላ አላለውም። ዘመኑ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረው ቀዝቃዛው ጦርነት የጀመረበት ስለነበር ምናልባት የጠላት መሣሪያ ይሆናል የሚል ሥጋት ነበረ። ስለዚህ ጥቆማዎችን የሚቀበልና የሚመረምር ክፍል አቋቋመ። ይህ ክፍል ከ1952 እስከ 1969 «ፕሮጀክት ብሉ ቡክ» በሚል ስም ይታወቅ ነበር። ሥራው ሲዘጋ 12,618 ጥቆማዎች ተመዝግበው፣ ከእነዚህ መካከል 701 «ምንነቱ ያልታወቀ» በሚል ተትተዋል። ይህም ከመቶ ስድስት አይሞላም። የቀሩት ፕላኔቶች፣ ከዋክብት፣ ተወርዋሪ ኮከቦች፣ ፊኛዎች፣ አውሮፕላኖች፣ ወፎች፣ ደመናዎችና ጥቂትም የተንኮል ሥራዎች ሆነው ተገኝተዋል።

«አልታወቀም» ማለት ምን ማለት ነው

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በእነዚህ 701 ጉዳዮች ነው። «ይኸው፣ ሳይንስ ራሱ አልታወቀም ብሎ አምኗል» ተብሎ ይጠቀሳል። «አልታወቀም» ማለት ግን «ከሌላ ዓለም የመጣ መሆኑ ታወቀ» ማለት አይደለም። በአንድ ገጠር አጥቢያ የሌሊት ድምፅ ተሰምቶ፣ ጅብ ይሁን ውሻ ሳይለይ ቢቀር፣ ድምፁ የዘንዶ ነበር የሚል ድምዳሜ አይከተልም። የተከተለው ነገር በቂ ማስረጃ አለመገኘቱ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ፈረንሳውያን የተሻለ ሥርዓት አላቸው። በቱሉዝ ከተማ በብሔራዊ የጠፈር ማዕከላቸው ሥር ከ1977 ጀምሮ ይህን ብቻ የሚመረምር ክፍል አለ። ጉዳዮቹን በአራት ይከፍላቸዋል፦ ምንነቱ በእርግጠኝነት የታወቀ፣ ሊሆን የሚችለው የታወቀ፣ መረጃው ስለጎደለ መወሰን ያልተቻለ፣ መረጃው በቂ ሆኖ ሳለ ያልተፈታ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መለየታቸው ትልቅ ነገር ነው። «መረጃ ጎደለኝ» እና «መረጃ ይዤ ግራ ገባኝ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። በእውነት ግራ የሚያጋቡት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ናቸው። አሜሪካዊው መርማሪ አለን ሄንድሪ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ከ1,300 በላይ ጥቆማዎችን አንድ በአንድ ተከታትሎ ያገኘውም ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ተራ ምክንያት ነበራቸው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2022 ያቋቋመው አዲሱ ክፍል በመጋቢት 2024 ባወጣው የታሪክ ዘገባ፣ ከ1945 ጀምሮ ከተደረጉት የመንግሥት ምርመራዎች አንዱም ከሌላ ዓለም የመጣ ቴክኖሎጂ ስለመኖሩ ማረጋገጫ አለማግኘቱን ገልጿል።

እውነተኛ ምስክር፣ የተታለለ ዓይን

ጥቆማ የሚያቀርቡት ሰዎች ዋሾች ናቸው ማለት አይደለም። እንዲያውም መርማሪዎች ደጋግመው የመሰከሩት አብዛኞቹ ቅን ሰዎች መሆናቸውን ነው። ነገር ግን ቅንነት ዓይንን ከስሕተት አይጠብቅም።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው የመጋቢት 3 ቀን 1968 ሌሊት ነው። ዞንድ 4 ከተባለው የሶቪየት መንኮራኩር ተልእኮ ጋር የተያያዘ ስብርባሪ ወደ ምድር ከባቢ አየር ሲገባ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ላይ እየነደደ አለፈ። ምን እንደነበረ፣ መቼና የት እንዳለፈ በትክክል ይታወቃል። ስለዚህ የምስክሮቹን ቃል ከእውነቱ ጋር ማነጻጸር ተቻለ። ብዙዎቹ በትክክል የነደዱ ቍርጥራጮች ማየታቸውን ተናግረዋል። አንዳንዶቹ ግን ብርሃን የሚወጣባቸው መስኮቶች በተርታ ያሉት፣ እንደ ሲጋራ የረዘመ አንድ ትልቅ መንኮራኩር በጣም ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ማየታቸውን ገለጹ። መንኮራኩር አልነበረም፤ መስኮትም አልነበረም፤ ዝቅም አላለም። ብርሃናቱ እውነት ነበሩ። በብርሃናቱ መካከል ያለውን ጨለማ ወደ ጥቁር አካል፣ ብርሃናቱንም ወደ መስኮት የለወጠው የተመልካቹ አእምሮ ነው። ሰውዬው አልዋሸም፤ ያላየውንም እንዳየ አድርጎ ያምናል።

አጥቢያ ኮከብን እንውሰድ። ከፀሐይና ከጨረቃ ቀጥሎ በሰማያችን እንደ እርስዋ የሚደምቅ ዘወትር የሚታይ የተፈጥሮ ብርሃን የለም። ፈረንጆች ቬነስ ይሏታል። ዓመቱን ሁሉ ስለማትታይ፣ ከጠፋችበት ስትመለስ ሰው እንግዳ ነገር የመጣ ይመስለዋል። ወደ አድማስ ስትቀርብ ብርሃንዋ በወፍራም አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ቀይና አረንጓዴ እየሆነች ትጨፍራለች። በመኪና ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ትከተለዋለች። በልጅነታችን ስንሮጥ ጨረቃ አብራን የምትሮጥ ይመስለን የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እጅግ ሩቅ የሆነ ነገር እኛ በምንጓዘው ርቀት ቦታውን አይለውጥም። በጨለማ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብርሃን ላይ ለብዙ ጊዜ ዓይኑን የተከለ ሰውም፣ ነጥቡ ሳይንቀሳቀስ ሲንቀሳቀስ ያየዋል። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጂሚ ካርተር በ1973 የጆርጂያ አገረ ገዥ ሳሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሌሎች ሰዎች ጋር በምዕራብ ሰማይ ያዩትን ደማቅ ብርሃን በጽሑፍ አስታውቀዋል። አንድ ተመራማሪ ዕለቱን ፈልጎ ካገኘ በኋላ በዚያ ሰዓት በዚያ አቅጣጫ ቬነስ እንደነበረች አሳየ። ሌሎች ደግሞ በዚያ ምሽት ለጥናት ከተላከ ሮኬት የተለቀቀ የሚያበራ ደመና ነው ይላሉ። ካርተር ራሳቸው ከሌላ ዓለም የመጣ ነው ብለው እንደማያምኑ ተናግረዋል።

ካሜራስ? «ዓይን ይሳሳታል፤ ካሜራ ግን አይሳሳትም» የሚሉ አሉ። ካሜራም ይሳሳታል። ትኩረቱ የተበላሸ ካሜራ ኮከብን ወደ ክብ ወይም ወደ ሦስት ማዕዘን ይለውጠዋል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኞች የቀረጹትና በ2021 ዓለምን ያስደነቀው የሚያብለጨልጭ «ፒራሚድ» በግንቦት 2022 ለምክር ቤት በተሰጠ ማብራሪያ፣ በሌሊት ማያ መነጽር በኩል የተቀረጸ የሰው አልባ አውሮፕላን ብርሃን መሆኑ ተገልጿል። ሦስት ማዕዘኑ የካሜራው ሥራ ነበር። በ2015 ከጦር አውሮፕላን የተቀረጸው ሌላው ታዋቂ ምስል ደግሞ በባሕር ላይ ተለጥፎ እንደ ቀስት የሚወነጨፍ ነገር ያሳያል። ናሳ የሰበሰባቸው 16 ባለሙያዎች በመስከረም 2023 ባወጡት ዘገባ በምስሉ ላይ ከተጻፉት ቍጥሮች ተነሥተው ሲያሰሉ፣ ነገሩ ከባሕሩ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይጓዝ እንደነበር አገኙ። ነፋስ የሚወስደው ነገርም በዚህ ፍጥነት ይሄዳል። ፍጥነቱ የአውሮፕላኑ ነበር። በአውቶቡስ መስኮት ስንመለከት የመንገድ ዳር ዛፍ ወደ ኋላ እንደሚሮጥ ማለት ነው።

በችኮላ የተሰጠ መልስ

እስከ አሁን ያልነው ለአላማኞች ብቻ ድጋፍ እንዳይመስል የሌላውን ወገን ስሕተት መናገር ይገባል። ምክንያቱም «ተራ ነገር ነው» የሚለው መልስም ሳይመረመር ከተሰጠ ያው ችኮላ ነው።

ጥር 7 ቀን 1948 የ25 ዓመቱ የኬንታኪ ግዛት ብሔራዊ ዘብ አብራሪ ካፒቴን ቶማስ ማንቴል በሰማይ የታየ አንድ ግዙፍ የሚያብረቀርቅ ነገር እንዲመለከት ታዘዘ። አብረውት የነበሩት ሲመለሱ እርሱ የኦክስጅን መሣሪያ ሳይዝ ከ6,000 ሜትር በላይ ወጣ። ራሱን ሳይስት እንዳልቀረ ይገመታል፤ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ። አየር ኃይሉ በመጀመሪያ የሰጠው ማብራሪያ «ቬነስን ነበር የተከተለው» የሚል ነበር። ነገር ግን በቀትር ቬነስ በሰማይ ብትኖርም እንዲያ ጎልታ የምትታይ አይደለችም፤ ሕዝቡም አላመነም። እውነቱ በኋላ ነው የተገመተው። በዚያን ጊዜ የባሕር ኃይል «ስካይሁክ» የሚባሉ፣ ስፋታቸው 30 ሜትር የሚደርስ የምርምር ፊኛዎችን በምስጢር ይለቅ ነበር። ማንቴልም ሆነ መርማሪዎቹ ስለ ፊኛዎቹ አያውቁም ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይህ ነው። የሮዝዌል ወሬም ከዚህ አይርቅም። በ1947 በኒው ሜክሲኮ በረሓ የተገኘው ስብርባሪ የሶቪየትን የኒውክሌር ሙከራ ድምፅ ከሰማይ ለመስማት የተዘጋጀ የምስጢር ፊኛ እንደነበረ አየር ኃይሉ የገለጠው በ1994 ነው። መንግሥት አርባ ሰባት ዓመት እውነቱን ደብቆ ሕዝቡ ለምን ተረት ፈጠረ ብሎ ሊቈጣ አይችልም።

የሥነ ፈለክ ሊቁ አለን ሃይኔክም የችኮላን ዋጋ ከፍሏል። ለብዙ ዓመታት የአየር ኃይሉ አማካሪ ነበር። በመጋቢት 1966 በሚሺጋን ግዛት ብዙ ሰዎች ብርሃን ባዩ ጊዜ፣ ለአንዳንዶቹ ጉዳዮች ከረግረግ የሚወጣ የሚነድ ጋዝ ሊሆን ይችላል ሲል ለጋዜጠኞች ተናገረ። የአገሬው ሰው እንደ መሳለቂያ ቈጠረው። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት የምክር ቤት አባሉ ጄራልድ ፎርድ ነገሩ በምክር ቤት እንዲመረመር ጠየቁ። ከዚህ ግፊት የተነሣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ኮንደን መሪነት ሰፊ ጥናት አካሂዶ፣ ከዚህ ዓይነት ጥቆማ ሳይንስን የሚያበለጽግ ነገር አለመገኘቱን በ1969 በታተመው ዘገባ ደመደመ። ተቺዎች ግን በዚያው ዘገባ ውስጥ ጥቂት የማይባሉ ጉዳዮች ሳይፈቱ መቅረታቸውን አላለፉትም። ሃይኔክ ራሱ ከጊዜ በኋላ ከመናቅ ይልቅ በጥንቃቄ መመርመር ይሻላል ወደሚል አቋም መጥቶ በ1973 የራሱን የጥናት ማዕከል አቋቋመ። ሁሉን በተቀበለበት አንስማማም፤ «ሳልመረምር አልስቅበትም» ማለቱ ግን የሚከበር ነው።

አላማኝ መባልን የፈራ ሰው ምንም የማይጎዳ ወሬ ቢያምን ምን አለበት የሚል ይኖራል። በመጋቢት 1997 በካሊፎርኒያ የሆነው ይመልስለታል። «ሄቨንስ ጌት» የሚባል አንድ ማኅበር ከሃያ ዓመት በላይ አባላቱን ከሌላ ዓለም የሚመጣ መንኮራኩር እንደሚወስዳቸው ሲያስተምር ኖሯል። ሄል ቦፕ የተባለው ጅራታም ኮከብ ሲመጣ፣ ከኋላው አንድ ትልቅ አካል ይከተለዋል የሚል ወሬ ከአንድ አማተር ፎቶግራፍ ተነሥቶ በሬዲዮ ተሰራጨ። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች በፎቶው የታየው የታወቀ ኮከብ መሆኑን ወዲያው አሳዩ። ማኅበሩ ግን ተከታይ ኖረም አልኖረም ለእኛ ለውጥ የለውም ሲል ጻፈ። መሪውን ጨምሮ 39 ሰዎች በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ለእነርሱ እውነትና ሐሰት መለየቱ አስፈላጊ መሆኑ ያበቃው ከመሞታቸው በፊት ነው። እናቶችና አባቶች ነበሯቸው፤ ልጆች ጥለው የሄዱም ነበሩ።

ቤተ ክርስቲያን እንዴት ትመረምራለች

አሁን ወደ አቆየነው ጥያቄ እንመለስ። ጌታችን በፀሐይ፣ በጨረቃና በከዋክብት ምልክት እንደሚሆን አስተምሮ የለምን? አዎን፣ አስተምሯል (ሉቃ. 21፥25)። ነገር ግን ምጽአቱን ከምሥራቅ ወጥቶ እስከ ምዕራብ በሚታይ መብረቅ መስሎታል (ማቴ. 24፥27)፤ ማንም በስልክ ቀርጾ ካላሰራጨው የሚያመልጥ ነገር አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስም ሕዝበ እግዚአብሔር አሕዛብ ከሚፈሩት የሰማይ ምልክት የተነሣ እንዳይፈራ አስጠንቅቋል (ኤር. 10፥2)። ሐዋርያው ዮሐንስ መንፈስን ሁሉ እንዳናምን፣ ይልቁንም እንድንመረምር አዟል (1ኛ ዮሐ. 4፥1)። የሙሴ ሕግ አንድ ምስክር ብቻውን እንዳይበቃ የደነገገው (ዘዳ. 19፥15) ከላይ ያየነውን የሰው ዓይን ድካም ስለሚያውቅ ነው።

መመርመር ተአምርን መካድ አለመሆኑን የሚያሳይ ቅርብ ምሳሌ አለን። ሚያዝያ 2 ቀን 1968 በካይሮ ዘይቱን በሚባለው ሰፈር በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ብርሃን ለብሳ የምትታይ ሴት ታየች። መጀመሪያ ያዩት ከመንገዱ ማዶ የነበሩ ሙስሊም ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ራስዋን ልትወረውር የወጣች ሴት መስላቸው ነበር። እኅት ቤተ ክርስቲያን የሆነችው የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በዚያው ሌሊት ደወል ደውላ አዋጅ አልነገረችም። ቅዱስ አባታችን ፖፕ ቄርሎስ 6ኛ ኮሚቴ ሠይመው፣ አባቶች በቦታው እያደሩ እንዲመለከቱና ምስክሮችን እንዲጠይቁ አደረጉ። መግለጫው የወጣው ግንቦት 4 ቀን ነው፤ ከአንድ ወር በላይ ቈይቶ ማለት ነው። የእመቤታችንን መገለጥ ለመቀበል ያን ያህል የታገሡ አባቶች እያሉ፣ እኛ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ቪዲዮ ላይ ተነሥተን መፍረዳችን የሚያስገርም ነው።

«አጋንንት ናቸው» የሚለውንም እንመልከት። አሜሪካዊው መነኰስ አባ ሴራፊም ሮዝ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ክስተቶች ከአጋንንት ማታለል ጋር አያይዞ ጽፏል፤ በእኛም ዘንድ ይህን የሚጠቅሱ መምህራን አሉ። ሰይጣን የብርሃን መልአክ እስኪመስል ራሱን እንደሚለውጥ ሐዋርያው ነግሮናል (2ኛ ቆሮ. 11፥14)፤ የቅዱስ እንጦንስም ገድል ይህን ይመሰክራል። ይህን አንክድም። ከሌላ ዓለም መጣን የሚሉ መናፍስትን «መልእክት» የሚቀበል፣ በዚያም አዲስ ሃይማኖት የሚሠራ ሰው በርግጥ በአደገኛ መንገድ ላይ ነው። ነገር ግን መናፍስትን መለየት ሀብተ መንፈስ ቅዱስ ነው (1ኛ ቆሮ. 12፥10)፤ የማናውቀውን ሁሉ አጋንንት ብሎ መሰየም መለየት አይባልም። እግዚአብሔር በአራተኛው ቀን የፈጠራትን አጥቢያ ኮከብ ለሰይጣን መስጠት ደግሞ ለእርሱ ያልተገባ ክብር ነው።

ሕዝቅኤልና ሄኖክ

በዚሁ ጉዳይ ላይ ቤተ ክርስቲያናችንን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። ስዊዛዊው ጸሐፊ ኤሪክ ፎን ዴኒከን በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ የጥንት ሰዎች አምላክ ያሉት ከጠፈር የመጡ እንግዶችን ነው የሚል አሳብ አስፋፋ። ናሳ ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ዮሴፍ ብሉምሪች ደግሞ ነቢዩ ሕዝቅኤል ያያቸውን መንኰራኵሮችና አራቱን እንስሳ የጠፈር መንኮራኩር አድርጎ ሥዕሉን ነደፈ። ዛሬ በአማርኛ የሚቀርቡ ቪዲዮዎች ይህንኑ ይደግማሉ። ኅዳር 8 ቀን በዓላቸውን የምናከብራቸው አርባዕቱ እንስሳ የእግዚአብሔርን መንበር የሚሸከሙ ኪሩቤል ናቸው። ነቢዩም የሚገልጸው የልዑልን ክብር ነው፤ ራእዩን ባየ ጊዜ በግንባሩ ተደፋ እንጂ የመንኰራኵሩን ስፋት አልለካም። መሐንዲሱ መጽሐፉን የሚያነበው የራሱን ሙያ ፈልጎ ነው፤ የ1896 ሰዎች በሰማይ መርከብ እንዳዩት ማለት ነው።

መጽሐፈ ሄኖክ ከዚህ ይብሳል። ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ስለሆነ «ኢትዮጵያውያን የደበቁት የጠፈር ምስጢር» እየተባለ ይሸጣል። ስለ ትጉሃን የተጻፈውን ከሰማይ ስለ ወረዱ እንግዶች የተጻፈ ታሪክ ያደርጉታል። የአንድምታ መምህራን ግን በዚህ ስፍራና በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 የተጠቀሱትን «የእግዚአብሔር ልጆች» ከደብር ቅዱስ የወረዱ ደቂቀ ሴት ብለው ይተረጕማሉ። የተደበቀም ነገር የለም፤ መጽሐፉ በየጉባኤ ቤቱ ይነበባል። ሰማይን አጥብቆ መመልከትን በተመለከተ ራሱ መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 የፀሐይን መውጫና መግቢያ፣ የጨረቃን መጕደልና መሙላት፣ የከዋክብትን ሥርዓት በቍጥር ይዘረዝራል። እነዚህን ምዕራፎች ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ሲጠቅሷቸው አልሰማንም፤ አባቶቻችን ግን የሰማይን ብርሃናት በቍጥርና በጊዜ ተከታትለው ባሕረ ሐሳብን አቆይተውልናል።

ያየ ሰው ምን ያድርግ

መርማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ቀላል ነገር ነው፦ ስንት ሰዓት ነበር? ወደ የት አቅጣጫ? ከአድማስ ምን ያህል ከፍ ብሎ? ለምን ያህል ጊዜ ታየ? ቆሞ ነበር ወይስ ተንቀሳቀሰ? የመጠንና የርቀት ግምት ግን አያስተማምንም፤ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር በባዶ ሰማይ ላይ ርቀቱ በትክክል ሊገመት ስለማይችል። ክንድን ዘርግቶ በተጨበጠ እጅ ከፍታውን መለካት ይቻላል፤ አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ከዚያ በነጻ በሚገኙ የስልክ መተግበሪያዎች በዚያ ሰዓት የትኛው ፕላኔት የት እንደነበረ፣ የትኛው አውሮፕላንና ሳተላይት እንዳለፈ መመልከት ይቻላል። በአንድ ቦታ ቆሞ ለሰዓት ያህል የቆየ ደማቅ ብርሃን ብዙውን ጊዜ ፕላኔት ነው፤ በማግስቱም በዚያው ሰዓት በዚያው አቅራቢያ ይገኛል። በጥቂት ሰኮንዶች የጠፋ ተወርዋሪ ኮከብ ነው። ቀይና አረንጓዴ መብራት እያበለጨለጨ የሚሄድ አውሮፕላን ነው። በቀስታ ከነፋስ ጋር የሚሄድ ፊኛ ሊሆን ይችላል።

የተሰደሩት ብርሃናት ስታርሊንክ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ደግሞ መታገሥ ይበቃል። ሳተላይቶቹ ከተላኩ በኋላ እየተራራቁ ወደ መደበኛ ከፍታቸው ስለሚወጡ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰልፉ ተበትኖ ብርሃናቸውም ደብዝዞ አንድ በአንድ ብቻ ይታያሉ። በሚቀጥለው ወር ማኅሌት ቆሞ የወጣ ሰው በዚያው ሰዓት ወደዚያው አቅጣጫ ቢመለከት፣ ያው ሰልፍ በዚያ ቅርጹ አይገኝም፤ አጥቢያ ኮከብ ግን በምሥራቅ የምትወጣበት ወራት ከሆነ በስፍራዋ ትገኛለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።